የደሴ መንገድ ለምን ተራራ ላይ ወጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከአባቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ ስንሄድ ጣርማበር ላይ ክርክር ተነሣ። አባቴ "ጣሊያን ባይሠራው ኖሮ እስከ ዛሬ በበቅሎ ነበር የምንሄደው" አሉ። ሹፌሩ ደግሞ "ታች ሜዳው ተዘርግቶ እያለ ገደል ላይ መንጠልጠል ምን የሚሉት ነገር ነው?" አለ። ማን ነው ልክ? መንገዱስ ድሮ ከየት እስከ የት ነበር?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ያሳለፍኩ መሐንዲስ ነኝና ይህን መንገድ በተመለከተ አፌን ከከፈትኩ ቶሎ አልዘጋም። ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ መንገዱን እንተዋወቀው። በመንገዶች አስተዳደር አጠራር ኤ2 ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠራው ተሳፋሪ ግን አላጋጠመኝም። አንጋፋ ሾፌሮች እስከ ዛሬ «የአሥመራ መንገድ» ይሉታል፤ እውነትም ድሮ መጨረሻው አሥመራ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በወልድያ፣ በማይጨው፣ በመቀሌና በአዲግራት አልፎ፣ ዛላምበሳን ተሻግሮ፣ በሰንዓፈና በደቀምሐረ አሥመራ ይገባል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። የዛሬው ኤ2 ግን አዲግራት ሲደርስ ወደ ዓድዋ ይታጠፋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ሲያዩት ሜዳ ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያልክ ትነዳለህ። ሰው ችግሩ ሁሉ ገደሉ ላይ ያለ ይመስለዋል። መሐንዲስ ግን እዚህም ራሱን ያማል፤ ምክንያቱም ብዙው ቦታ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አስፋልቱ ላዩ ላይ ተኝቶ አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል። መድኃኒቱ ይታወቃል። መረሬውን ቆርጠህ ታወጣለህ፣ በተመረጠ አፈር ትተካለህ፣ የጎርፍ ቦዩን ከመንገዱ አርቀህ ትሠራለህ። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሸኖ አካባቢ መኪናው ሲንገዋለል ሹፌሩን አትቆጣው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ከደብረ ብርሃን 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድክ ጣርማበር ላይ ደጋው ድንገት ያልቃል። ከፊትህ ሰማይና ጉም ብቻ ነው። ይህ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። አንተ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆመሃል። ሸዋሮቢት ከእግርህ ሥር 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ይህን ሁሉ ከፍታ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ትወርደዋለህ። ጋቢ ለብሰህ የገባህበት መኪና ውስጥ ሸዋሮቢት ስትደርስ መስኮት ክፈቱ ትላለህ።

ሹፌሩ «ታች ሜዳው እያለ» ያለው እውነቱን ነው፤ ሜዳው አለ። ግን እሱ ራሱ የሚነዳው በዚያው ሜዳ ላይ ነው! ከሸዋሮቢት ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አስፋልቱ የት እንደሚሄድ ልብ ብለህ እየው። በስተግራህ የደጋው ግድግዳ ቆሟል። በስተቀኝህ ደግሞ ዝቅ ያለ የተራራ ሰንሰለት አለ፤ ከእሱ ወዲያ አፋር ነው። መንገዱ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ሜዳ ይሄዳል። የመሬት ሳይንስ ሰዎች ሲያስረዱ፣ ምሥራቁ ተሰንጥቆ ወደ አፋር ሲሰምጥ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ሰፈሮችም አብረው ሰምጠው ቀሩ ይላሉ። ሸዋሮቢት አንዱ ነው። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የቦርከና ሜዳ ሌላው ነው። ሐይቅም በዚያው መስመር ላይ ናት። ከወልድያ በስተሰሜን ያለው የቆቦና የአላማጣ ሜዳም የዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ሜዳዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን ተደርድረዋል። መንገዱ ያደረገው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው። መሻገሪያው ላይ ዳገት አለ፤ ለዚህ ነው ኮምቦልቻን አልፈህ ሐረጎን የምትወጣው፣ አላማጣን አልፈህ ግራት ካሕሱን የምትወጣው።

እንዲያው ላስብና፣ ዛሬ ንድፉን ከባዶ ስጠኝ ብትለኝ ከሸዋሮቢት እስከ ቆቦ ያለውን መስመር ብዙም አልነካውም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ እንዲሄድ የተሠራው ባቡርም ወደ ሰሜን የሚዘልቀው በእነዚሁ ሜዳዎች ነው። ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በኮምፒውተርና በሳተላይት የሠራ መሐንዲስም ያው ቦታ ላይ ነው የደረሰው።

«ለምን በአፋር በኩል አልሄደም?» ልትል ትችላለህ። ዛሬ ከአዋሽ በገዋኔ ወደ ሚሌ የሚሄድ አስፋልት አለ፤ ሜዳ ነው፣ የጅቡቲ ተሳቢዎች የሚርመሰመሱበት። ያኔ ግን ውሃ የለ፣ ከተማ የለ፣ ወባው አይጣል ነው። ከሁሉም በላይ ጣሊያን መንገዱን የፈለገው ሕዝቡ ባለበት ነው። ሠራዊት ማዘዋወሪያ ነውና፤ ባዶ በረሃ ላይ ወታደር ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ደጋ ተነሥተህ ወደዚያ ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ መውረድ ግድ ነው። የጥንቱ መውረጃ በአንኮበር በኩል ነበር፤ ነጋዴው በአልዩ አምባ አድርጎ ወደ ባሕር ይሄድ ነበር። ያ ግን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያወጣህ። ወደ ወሎ ለሚሄድ ጣርማበር ይቀናል፤ ሸንተረሩም እዚያ ላይ ስለሚቀጥን ሊበሳ ቻለ። ተበሳም።

ስለ ዋሻው ትንሽ ልበል። ርዝመቱ 600 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ጣሊያኖች «የሙሶሎኒ ዋሻ» ብለውት ነበር። ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ሁለት ከባድ መኪናዎች ሲገናኙ መስታወት ከመስታወት ሊሳሳሙ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ከዚህም ከዚያም ጡሩምባ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ጉሙ ነው። ከቆላው የሚወጣው ሞቃት አየር ገደሉን ተከትሎ ሲመጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። አንዳንድ ቀን በአዲስ አበባ በኩል ፀሐይ ሆኖ ትገባለህ፣ በደብረ ሲና በኩል ስትወጣ የራስህን ቦኔት አታይም። ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ጉም ሆነ ፀሐይ ግድ የለውም፤ መከላከያ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ሳሩን ይነጫል።

አባትህ ያሉትን ደግሞ እንየው። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በዚህ መስመር መኪና ይሄድ ነበር ወይ? አዎ፣ ይሄድ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ አስቆርጠዋል። አስፋልት አይደለም፤ ክረምት ላይ ጭቃው ይይዛል። ግን በኅዳር 1928 ንጉሡ ራሳቸው ወደ ጦር ግንባር ሲወጡ ደሴ የደረሱት በመኪና ነው። ደሴ በቦምብ የተደበደበችው በዚያው ወር ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ጣሊያን ራሱ። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ከ1,000 በላይ መኪናዎች አሰልፎ ነው። መንገድ ባይኖር በምን ላይ ሊነዳ ነው? ጣርማበር ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። የኛ ሰዎች ተራራው ላይ መንገዱን አፍርሰውበት ነበር። መኪናው ሁሉ ተገትሮ፣ ወታደሩ አካፋና ዶማ ይዞ ድንጋይ ሲሞላ ሁለት ቀን ያህል ሄደ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። ዋሻው የተቆፈረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ የዚያ ሁለት ቀን ንዴት ሳይረሳቸው ነው ተራራውን የበሱት፤ ይሄ ግን የኔ ግምት ነው።

ስለዚህ መስመሩ የኛ ነው፤ ነጋዴውም ዘማቹም ሲመላለስበት ኖሯል፣ ንጉሡም በመኪና ሄደውበታል። አባትህ ልክ የሚሆኑት መስመሩ ላይ ስለተሠራው ሥራ ነው። ከ1928 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት ጣሊያን ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን አገናኝቶ «የድል መንገድ» አለው። ከጣሊያን የመጣ ብዙ ሺህ ሠራተኛ፣ ብዙ ሺህም የአገሬው ሰው ሠራበት። ፍጥነቱ የሚደንቅ ነው። ሲቸኩሉም ግን ውሃውን አልናቁም፤ እኔ የማከብርላቸው ይህን ነው። ከደብረ ሲና ስትወርድ አንድ ቦታ መኪናውን አስቁምና ከመንገዱ ሥር ውረድ። በጥቁር ድንጋይ የተገነባ፣ አናቱ ቅስት የሆነ ትንሽ ማስተላለፊያ ታገኛለህ። ድንጋዩ አንድ በአንድ ተጠርቦ የገባ ነው። ውሃው ከገደሉ በኩል ይገባል፣ በድንጋይ በተነጠፈ መውረጃ አድርጎ ከአፈሩ ርቆ ይወድቃል። በዚያው መንገድ ላይ በኋላ ዘመን የተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ በደለልና በፕላስቲክ ተደፍኗል፣ ውሃው ከጎኑ አፈሩን ቆርሶ የራሱን መንገድ ሠርቷል። መንገድን የሚገድለው መኪና ሳይሆን ውሃ ነው፤ በተለይ እንዲህ ባለ ገደል ላይ።

ገደሉ ራሱም አይታመንም። በ1998 መጀመሪያ ደብረ ሲና አካባቢ የተራራው ጎን ተንሸራትቶ ብዙ ገበሬ ቤትና እርሻውን አጥቷል። ላዩ ላይ ያለው ድንጋይ የተፈረካከሰ ነው፣ ሥሩ ሸክላ አፈር አለ፣ ክረምቱ ከባድ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መንገድ «ተሠርቶ አለቀ» አይባልም።

ለፖለቲካውም አንድ ቃል። ይህ መንገድ የተሠራው ለኛ ታስቦ አይደለም። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ሲዋጉ ጣሊያን ጦሩንና ስንቁን ያመላልስ የነበረው በዚሁ መስመር ነው። በግንቦት 1933 ደግሞ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን በዚያው በሠሩት መንገድ ዳር፣ አምባ አላጌ ላይ ተከቦ እጁን ሰጠ። ከነፃነት በኋላ መንገዱ አሥር ዓመት ያህል ተገቢው ጥገና ሳያገኝ ቆየ። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ለመንገድ ሥራው ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። አሜሪካውያን መሐንዲሶች መጥተው የኛን ልጆች አሠለጠኑ። የሙያው ሰዎች «አውራ ጎዳና» የሚለውን ስም እስከ ዛሬ በፍቅር የምንጠራው ለዚህ ነው።

ከሸዋሮቢት ወዲያ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ እያለ ይቀጥላል። ሰንበቴን እሁድ ካገኘሃት ቸኩለህ አትለፍ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ማየት ነው። ካራቆሬ ላይ ደግሞ መሬቱ ተኝቶ እንደማያውቅ አስታውስ። በ1953 ግንቦትና ሰኔ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን ደጋግሞ መታው። ጎረቤቷ ማጀቴ ፈራረሰች፤ የኛም መንገድ ተሰነጠቀ። ሜዳው የተፈጠረበት ስንጥቅ ዛሬም ሥራውን አላቆመም ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ 376 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ ይወርዳል። አሰብ የኛ ወደብ በነበረችበት ዘመን የኮምቦልቻ ሕይወት ይህ መገንጠያ ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ ጉዞ ቆመ። ከዚያ ሐረጎን ወጥተህ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ደሴ ትገባለህ። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ከዚያ ወልድያ። ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ያ ውል የተፈረመባት ናት፤ አብዛኛው ተሳፋሪ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ያልፋታል። ወልድያ ላይ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ በጋሸና ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መስቀለኛ መንገድ ስለሆነች ነው ወልድያን ሁሉም የሚፈልጋት፤ በሰላምም በጦርነትም።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1965 በወሎ ረሃብ ጊዜ ገበሬው ከየቀዬው ወርዶ የተሰለፈው በዚህ አስፋልት ዳር ነው። አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ዳቦ ይለምን ነበር። መንግሥት የሸሸገውን ረሃብ መንገደኛው በመስኮት አየው። በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ ዓለምን ያስደነገጠውን ዘገባ የሠራው ከቆረም ነው፤ ቆረም ደግሞ ግራት ካሕሱ አናት ላይ፣ እዚሁ መንገድ ላይ ናት። ሕዝቡ እዚያ የተሰበሰበው እህል የጫነ መኪና ሊደርስ የሚችልበት ቦታ ስለነበረ ነው።

ከአላማጣ በኋላ ምርጫ አለህ። የጥንቱ መስመር ግራት ካሕሱን ወጥቶ በቆረም፣ በአሸንጌ ሐይቅና በማይጨው አድርጎ አምባ አላጌን ይሻገራል። 20 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ጉዞ 1,000 ሜትር ያህል ትወጣለህ። አዲሱ በመኾኒ በሜዳው ይሄድና ሂዋነ ላይ ይገናኘዋል። ጭነት የያዘ ሁሉ መኾኒን ይመርጣል። ሹፌሩ ሜዳ ከወደደ እዚህ ጋ ደስ ይለዋል። ለማየት ከሆነ ግን የአሸንጌን አትለውጥ።

ከመቀሌ እስከ አዲግራት ያለውን ብዙ አላወራም፤ አምባው ጠፍጣፋ፣ ድንጋዩ አሸዋማ፣ ግንባታው ከሸዋው የቀለለ ነው። ጫፉ ግን ያሳዝናል። ዛላምበሳ በ1990ው ጦርነት ተዘጋ። መስከረም 1 ቀን 2011 ተከፈተና ሰው በመኪና ሰንዓፈ ገብቶ ዘመዱን አቀፈ። ዓመቱ ሳይጋመስ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ መልሶ ተዘጋ።

ለሚቀጥለው ጉዞህ፦ ጣርማበርን ጠዋት እለፍ፤ ከሰዓት በኋላ በተለይ በክረምት ጉሙ ይወፍራል። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብራ፣ ነጩ ግድግዳ ሆኖ ዓይንህ ላይ ይመለሳል። ቁልቁለቱን ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ከደብረ ሲና በታች ፍሬን የተቃጠለ ከሸተተህ ከፊትህ ያለው ተሳቢ ነው፤ ራቅ በልለት፣ አትቅደመው። ሹፌሩ አሁንም ተራራውን ካልወደደ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ መግባት ይችላል። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምርበታል፤ ነዳጁን ግን እሱ ይክፈል።